«ፓሪስ ኒውክሌር ስለሌላት ጨለማ ውስጥ ናት»፦ ለዚህ መልስ ከ10 ስንት ልስጥ?

መምህር ከሆጤ፣ እሑድ ምሽት 2፡15

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። አንድ ነገር አማክሩኝ።

የ11ኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ለልጆቹ የቤት ሥራ ሰጠሁ። «አንድ አገር ምረጡ። የኒውክሌር ማመንጫዎቿን በየክልሉ አነጻጽሩ። ምን ታዘባችሁ?» ወሬው ትኩስ ስለሆነ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሕዳሴው ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የኒውክሌር ነገር አነሱ። በመስከረም ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ሌላ ወሬ የላቸውም።

አንዱ ልጅ ፈረንሳይን መረጠ። ሠንጠረዡን በማስመሪያ አስምሮ፣ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ ሠርቶታል። ቁጥሩን አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ልክ ነው። አገሪቱ 57 ሪአክተር (ኒውክሌሩ የሚሞቅበት ምድጃ) አላት። ኦቨርኝ ሮን አልፕ 14፣ ሳንትር ቫል ደ ሏር 12፣ ኖርማንዲ 9፣ ግራን ኤስት 8፣ ኦ ደ ፍራንስ 6፣ ኑቬል አኪቴን 6፣ ኦክሲታኒ 2። ደምሩት፣ 57 ይመጣል። ብሬታኝ ዜሮ። ፓሪስ ያለችበት ኢል ደ ፍራንስም ዜሮ።

ከሥሩ «ትዝብት» ብሎ ምን ቢጽፍ ጥሩ ነው? «ብሬታኝና ፓሪስ ኒውክሌር ስለሌላቸው ጨለማ ውስጥ ናቸው።»

ሳቄ መጣ። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ኤክስ ላሰምርበት ስል መብራት ጠፋ። ወላሂ፣ በዚያችው ደቂቃ! የስልኬን ባትሪ አብርቼ ወረቀቱን ደግሜ ሳየው ሳቁ ጠፋብኝ። ልጁ ያደገው እዚህ ነው። መብራት ያለው ሰው ማለት ለማመንጫው የቀረበ ሰው ነው ብሎ ቢያስብ ምን ይገርማል?

ከ10 ስንት ልስጠው? ምክንያታችሁንም ጻፉልኝ። ክፍል ውስጥ ላነበው ነው።

———

ሙጋድ ሰፈር፣ እሑድ ምሽት 2፡31

10 ከ10 ስጠው። እኛም ጋ ጠፍቷል። ልጁ ነቢይ ነው።

———

የቦርከና ልጅ፣ እሑድ ምሽት 2፡58

መምህር፣ ኤክሱን እንዳታሰምር። ቆይ።

ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ኤሌክትሪሻን ነኝ። የትኛው ፋብሪካ አትበሉኝ። ልጁ የረሳው ሽቦውን ነው። ካርታ ላይ ማመንጫው በቀይ ነጥብ ይሳላል፣ ሽቦው ግን አይሳልም። ስለዚህ ሰው ነጥቡን ብቻ ያያል።

ከማመንጫው የወጣው ኃይል በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው የሚጓዘው። ሰብስቴሽን ይገባል። ወደ 33 ወይ ወደ 15 ኪሎ ቮልት ይወርዳል። ከዚያ በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር 380 እና 220 ቮልት ያደርገዋል። ከነዚህ አንዱ ከተበላሸ ማመንጫው ጓሮህ ቢሆንም ጨለማ ነህ። ፓሪስ ዙሪያዋን በወፍራም መስመር ታጥራለች። ከኖርማንዲም ከሏር ወንዝ ዳርም ኃይሉ ይጎርፍላታል። ሪአክተሩን ሌላው ይዞላት እሷ ታበራለች።

ወደኛ እንምጣ። ወደ አላማጣ የሚያልፈውና ወደ ሰመራ የሚወርደው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ኮምቦልቻ ላይ ይገናኛል። ደጋንን አለፍ ብሎ ከሽቦው ሥር የማውቃት ቤት አለች። ክረምት ዝናብ ሲመታው ሽቦው ዝዝዝ ይላል። ባለቤቲቱ መጀመሪያ ንብ መስሏት ቀፎ ልትሰቅል ነበር። ቤቷ ውስጥ የሚበራው ግን የሶላር ፋኖስ ነው። ከ230 ኪሎ ቮልት ላይ ገመድ ጎትተህ ለአንድ ቤት አትሰጥም። መሃል ላይ የሚያወርድ ነገር ይፈልጋል። ያ ደግሞ ብር ነው።

ሌላም ልጨምር። አንድ ሌሊት ኃይል ከሚያመጡት ሦስት መስመሮች (ፌዝ ከምንላቸው) አንዱ ጠፋ። ሁለቱ ስለነበሩ አምፖሉ በርቷል። ዘበኛው «መብራት አለ» አለኝ። ሞተሮቹ ግን በሁለት ፌዝ ሲታገሉ አድረው ጠዋት ስገባ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ተቀበለኝ። ሁለት ሞተር ሄደ። ያን ቀን በአገሪቱ የኃይል እጥረት አልነበረም። ኃይሉ አለ። እኛ ጋ ሲደርስ ነው የጎደለው።

5 ከ10።

———

ጦሳ፣ እሑድ ምሽት 3፡20

እኔ የምለው፣ ይሄ ኒውክሌር የሚባለው የት ክልል ሊሆን ነው? ወሎ እንደሆነ ሁሌም ከመስመር ውጭ ነው። ግድቡ ሌላ ጋ፣ ንፋሱ ሌላ ጋ። ለኛ የሚደርሰን ምሰሶው ብቻ።

———

መምህር ከሆጤ፣ እሑድ ምሽት 3፡26

ጦሳ፣ ወንድሜ፣ ክልል ከክልል የሚያናቁር ነገር እዚህ አንጀምር። ጥያቄህ ግን ደህና ጥያቄ ነው። ማመንጫ የሚቆምበትን ቦታ የሚወስነው ምንድን ነው? የሚያውቅ ካለ።

———

ጸሐይ ከገራዶ፣ እሑድ ምሽት 4፡05

እኔ ልሞክር። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሬያለሁ፤ አሁን የምሸጠው ጨርቅ ነው። ቢሆንም አልረሳሁትም።

ኒውክሌር ማለት በአጭሩ ትልቅ ጀበና ነው። ዩራኒየሙ ይሞቃል፣ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ከሙቀቱ መብራት የሚሆነው ሲሶው ብቻ ነው። ሁለት ሦስተኛው የሆነ ቦታ መጣል አለበት። የሚጣለው ውሃ ውስጥ ወይም በማማ አድርጎ አየር ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ባሕር ወይ ትልቅ ወንዝ ነው።

የልጁን ሠንጠረዥ በዚህ ዓይን እዩት። 14ቱ ያሉት በሮን ወንዝ ዳር ነው። 12ቱ በሏር ወንዝ ዳር። የኖርማንዲዎቹ 9 እና ኦ ደ ፍራንስ ያለው የግራቭሊን 6 ባሕር ዳር። የኦክሲታኒዎቹ 2 ጋሮን ላይ። ካርታውን ሳታይ ወንዞቹን ብቻ ብታውቅ ሠንጠረዡን ግማሽ በግማሽ ትገምተው ነበር።

ወንዝ ስላለ ብቻ ነገሩ አያበቃም። በጋ ሲጠና ሮንና ጋሮን ይሞቃሉ። የሞቀ ውሃ ላይ ሌላ ሙቀት ከተጨመረ ዓሣው ያልቃል። ስለዚህ ሕጉ ኃይል ቀንሱ ወይ አጥፉ ይላል። ጎልፌሽና ቡዤ የሚባሉት ማመንጫዎች በየጊዜው ይሄ ይደርስባቸዋል። ባሕርም የራሱ ጣጣ አለው። ነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ግራቭሊን ላይ ጄሊፊሽ የሚባለው የባሕር ፍጥረት መንጋ ሆኖ መጥቶ የውሃ ማጣሪያውን ደፈነው። አራት ሪአክተር ቆመ። በእንስሳ! እኛ ጋ ትራንስፎርመር ላይ ጉሬዛ ወጣ ሲባል የምንስቀው በከንቱ ነው።

አሁን ጦሳ፣ ቦርከናን በየካቲት አይተኸዋል? ልጆች ጫማቸውን ሳያወልቁ ይሻገሩታል። አንድ 1,000 ሜጋ ዋት ሪአክተር በማቀዝቀዣ ማማ በኩል ብቻ በሰከንድ ከግማሽ ሜትር ኪዩብ በላይ ውሃ ያተናል። ቀንና ሌሊት፣ ዓመቱን ሙሉ። ቦርከና ሸክሙን አይችለውም። ሐይቅ አለ ትሉኝ ይሆናል። እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ የማቀዝቀዣ ማማ አስቡት እስኪ። እኔስ አልፈልግም።

ውሃ ሳይኖር የተሠራ አንድ ትልቅ ማመንጫ አለ። አሜሪካ፣ አሪዞና በረሃ ውስጥ ፓሎ ቨርዴ የሚባል። ባሕርም ወንዝም ሐይቅም የለውም። የፊኒክስ ከተማን ፍሳሽ አጣርቶ ነው የሚቀዘቅዝበት። ስለዚህ ይቻላል። ግን ያን ያህል ፍሳሽ የሚሰበስብ ትልቅ ከተማ ይፈልጋል።

ለልጁ 6።

———

ሙጋድ ሰፈር፣ እሑድ ምሽት 4፡11

የደሴ ፍሳሽ ይበቃል። ሰኞ ገበያ በኩል ና አሳይሃለሁ።

———

ጸሐይ ከገራዶ፣ እሑድ ምሽት 4፡13

😂 አንተን ብሎ ኢንጂነር።

———

ኬፕታውን የከረመው፣ ሰኞ ጠዋት 1፡40

እንደምን አደራችሁ። ሳነበው አደርኩ።

የልጁን መልስ ገልብጬ ላምጣላችሁ። እሱ «ማመንጫ የሌለው ጨለማ ነው» አለ። እኔ ደግሞ ማመንጫው ፊት ለፊት ቆሜ ጨለማ ውስጥ የነበርኩ ሰው ነኝ።

ደቡብ አፍሪካ ስድስት ዓመት ሱቅ ነበረኝ። ኩበርግ የሚባለው ማመንጫ ከኬፕታውን በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአፍሪካ እስካሁን የሚሠራው የኒውክሌር ማመንጫ እሱ ብቻ ነው። ሁለት ሪአክተር፣ በድምሩ ወደ 1,860 ሜጋ ዋት። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። እሑድ ባሕር ዳር ስንወጣ ሁለቱ ጉልላቶች ከሩቅ ይታያሉ። ጓደኛዬ «መስጊድ ነው?» ብሎኝ ያውቃል።

ያኔ ማታ ሱቅ ስንመለስ መብራት የለም። ፈረቃ ነው። በስልክ መተግበሪያ ይነገርሃል፤ «ዛሬ ደረጃ 4» ይልሃል። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያንተ ሰፈር ይጠፋል። እኔ ፍሪጁን በብርድ ልብስ እሸፍናለሁ። ወተቱ እንዳይበላሽ ደንበኛ ሲጠይቅ እንኳ በሩን አልከፍትም ነበር። የኩበርግ መብራት ለኬፕታውን ተብሎ አይቀመጥም። ከአገሪቱ መረብ ይገባል፣ ሲጎድል ደግሞ ሁሉም በየተራው ይጠፋበታል።

ለምን እዚያ ተሠራ ላላችሁት፣ የሰማሁት ይሄን ነው። የአገሪቱ የድንጋይ ከሰል ያለው ሰሜን ምሥራቅ፣ ምፑማላንጋ ነው። ትልልቆቹ የከሰል ማመንጫዎችም እዚያው ከማዕድኑ አጠገብ ናቸው። ኬፕታውን ከዚያ 1,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከሰል ያን ያህል መንገድ ማመላለስ ኪሳራ ነው። ዩራኒየም ግን ሸክም የለውም። ባሕሩም አጠገብ ነው። ስለዚህ ከሰሉ ወዲያ፣ ኒውክሌሩ ወዲህ ሆነ።

———

የቦርከና ልጅ፣ ሰኞ ጠዋት 2፡10

ሸክሙን ለማያውቅ ልንገር። አንድ 1,000 ሜጋ ዋት ሪአክተር በዓመት የሚፈልገው ነዳጅ 25 ቶን አካባቢ ነው። በክብደቱ አንድ ተሳቢ የሚጭነው። በከሰል ቢሆን ወደ 3 ሚሊዮን ቶን። የዶሮ መዝለያን ቁልቁለት በከባድ መኪና የወረደ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። የፍሬን ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

———

ሰልማ ቶሮንቶ፣ ሰኞ ቀን 9፡30

አሰላሙ አለይኩም ያገሬ ሰዎች። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። አሁን ካናዳ ነኝ። ክልል ከክልል ማነጻጸር ከተባለ ካናዳን የሚያህል የለም።

ኦንታሪዮ ከመብራቷ ግማሽ ያህሉ ኒውክሌር ነው። ሂውረን ሐይቅ ዳር ብሩስ የሚባል 8 ሪአክተር ያለው ማመንጫ አለ። ዳርሊንግተንና ፒክሪንግ ደግሞ እኛው አጠገብ፣ ኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ። ድንበሩን ተሻግረህ ኬቤክ ስትገባ ዜሮ ነው። ጄንቲሊ የሚባል ነበራቸው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዘጉት። ጨለማ ናቸው? ኧረ ወዲያ! ግድብ በግድብ ናቸው። ከራሳቸው ተርፎ ለአሜሪካ ይሸጣሉ። ኬቤክ እኮ የኛ ቢጤ ናት። ውሃ አላት። ኦንታሪዮም ናያጋራ አላት፤ ግን አልበቃትም፣ ወደ ኒውክሌር ሄደች።

ስለዚህ የልጁ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ይጎድለዋል። «ኒውክሌር ከሌላት ምን አላት?» የሚል። ብሬታኝን ፈልጌ አየሁ። እነሱም አንድ ትንሽ ነበራቸው፣ ብሬኒሊስ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ሌላ ፕሎጎፍ ላይ ሊሠራ ሲል ሕዝቡ በ1980 መንገድ ዘግቶ ድንጋይ እየወረወረ ተቃወመ። በ1981 ሚተራን ሲመረጥ ተሰረዘ። አልፈልግም ብለው ነው ዜሮ የሆኑት። መብራቱን ግን ከጎረቤት ክልል በሽቦ ያስመጣሉ። እኔ በዚህ አልፈርድም፤ ግን ትንሽ አያስቅም?

ማመንጫ አጠገብ መኖር ምን ይመስላል ለሚል፣ የኩሽናዬ መሳቢያ ውስጥ የአዮዲን ክኒን አለ። ከማመንጫው በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ላለ ቤት ሁሉ በነጻ ይታደላል። አደጋ ከደረሰ እንቅርት እጢ ላይ ጨረሩ እንዳይቀመጥ ነው። ከሚጥሚጣው ጎን አስቀምጬዋለሁ። ጥር 2020 እ.ኤ.አ. አንድ እሑድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «ፒክሪንግ ላይ ችግር አለ» ይላል። ሮጬ መሳቢያውን ከፈትኩ። እጄ ተንቀጥቅጦ ሚጥሚጣውን ደፋሁት። ቆይቶ በስህተት የተላከ ነው ተባለ። ልጆቼ እስካሁን ይስቁብኛል። አብሽሩ፣ ምንም አልሆነም። ክኒኑ ግን አሁንም እዚያው ነው።

7 ስጠው መምህር። ጽሑፉ ያምር እንደሆነም አንድ ጨምርለት።

———

አያ ሙሄ ከሐርቡ፣ ሰኞ ምሽት 1፡15

ልጅ ልጄ እያነበበልኝ ነው፤ የምለውንም እሱ ይጽፋል።

ሁላችሁም ስለ ውሃ ተናገራችሁ። ስለ መሬቱ ማንም አላነሳ። በ1953 ዓ.ም. ልጅ ነበርኩ። ካራቆሬ ላይ መሬት ተንቀጠቀጠ። ማጀቴ ከተማ ፈረሰች። እኛ ጋ ደግሞ እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። አቦሉ ተቀድቷል። ረከቦቱ ላይ ያሉት ስኒዎች በራሳቸው መንጫጫት ጀመሩ። እናቴ «ማነው የሚነካው?» ብላ ቆጣች። ማንም አልነካ። ከዚያ ጣራው ጮኸ፣ ከብቱ በረቱን ጥሶ ወጣ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፣ ለሳምንታት ሲመላለስ ነበር። ሰው ሜዳ ላይ ያድር ነበር።

እዚህ አካባቢ መሬቱ አርፎ አያውቅም። ይሄን የሚሠሩት ሰዎች ይሄን ያውቃሉ ወይ? ይኸው ነው ጥያቄዬ።

———

ጸሐይ ከገራዶ፣ ሰኞ ምሽት 1፡50

አያ ሙሄ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። የረሳነውን አስታወሱን። እርስዎ ያሉበት ቦታ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። አፋር ወዲያ ይሸሻል፣ ደጋው ወዲህ ይቀራል። ተንዳሆ ላይ የመሬት ውስጥ እንፋሎት ፍለጋ ጉድጓድ የተቆፈረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለእንፋሎት የሚመቸው መሬት ለሪአክተር አይመችም።

ነውጥ ባለበት አገር አይሠራም ማለት ግን አይደለም። ጃፓንን ይዩ። መጋቢት 11 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ፉኩሺማ ላይ የሆነውን ዓለም ያውቃል። ሪአክተሮቹ መሬቱ ሲነቃነቅ በሥርዓቱ ቆመው ነበር። ጉዱን ያመጣው ተከትሎ የመጣው የባሕር ማዕበል ነው። የድንገተኛ ጄኔሬተሮቹ ያሉበትን ቤት አጥለቀለቀው። ማቀዝቀዣ የለም፣ ነዳጁ ቀለጠ። ኦናጋዋ የሚባለው ማመንጫ ደግሞ ለነውጡ ማዕከል ከፉኩሺማ ይልቅ ቅርብ ነበር። ከፍ ባለ መሬት ላይ ስለተሠራ ተረፈ። ቤታቸው የፈረሰባቸው የአካባቢው ሰዎች ግቢው ውስጥ ተጠለሉ።

እና መምህር፣ ለልጁ የሚሆነው ይሄ ነው። የፉኩሺማ ዳይቺ መብራት ለፉኩሺማ ሰው አልነበረም። የቶኪዮ ኩባንያ ነበር የሚያስተዳድረው፣ ኃይሉም ወደ ቶኪዮ ነበር የሚሄደው። ፉኩሺማ ራሷ መብራቷን የምታገኘው ከሌላ ኩባንያ ነው። ቶኪዮ ሪአክተር የላትም፣ ግን በራች። ፉኩሺማ ይዛ ነበር፣ ቤቷን ለቃ ተሰደደች። ፉኩይ የሚባለው ክልልም እንዲሁ ሪአክተር በሪአክተር ነው፤ የሚጠቀመው የኦሳካ ወገን ነው። ለፉኩይ ሥራና ግብር ይደርሳታል። ጦሳ፣ «ለኛ ምን ደረሰን» ስትል ይሄንንም አብረህ ቁጠር።

ሌላም አለ። ከነውጡ በኋላ ምዕራብ ጃፓን የተረፈ ኃይል ነበረው። ለምሥራቁ እንዳይሰጥ ግን ምሥራቁ 50 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል)፣ ምዕራቡ 60 ኸርዝ ነው። መሃል ያሉት መቀየሪያዎች አቅማቸው ትንሽ ነበር። በአንድ አገር ውስጥ፣ የቶኪዮ ዙሪያ በፈረቃ ሲጠፋ ኦሳካ ቦግ ብላ ታይ ነበር። የቦርከና ልጅ ያለው ሽቦ ማለት ይሄ ነው።

———

ጦሳ፣ ሰኞ ምሽት 2፡05

እሺ፣ ገባኝ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ጃፓንም አለ ማለት ነው።

———

የቦርከና ልጅ፣ ሰኞ ምሽት 2፡40

ሁለት ነገር ብዬ ልተኛ፤ ነገ የማለዳ ሺፍት ነኝ።

አንደኛ፣ ሠንጠረዡ ሪአክተር በመቁጠር መቆም የለበትም። ሜጋ ዋትም ያታልላል። ሁለት ወፍጮ ቤት አስቡ። አንዱ ትልቅ ነው፤ ግን ውሃ ሲሞላ ብቻ ይፈጫል። ሌላው ትንሽ ነው፤ ሌሊትም ቀንም አይቆምም። ዓመት ሲያልቅ የፈጩት ኩንታል እኩል ሊመጣ ይችላል። ሕዳሴው 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በዓመት የሚጠበቅበት ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። የአቅሙን ሲሶ አካባቢ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ወንዙ ክረምትና በጋ አለው። 2,000 ሜጋ ዋት ኒውክሌር ዘጠና በመቶ ሰዓቱን ከሠራ ያንኑ ያህል ይሰጣል። ይሄ ግድቡን ለማናናቅ አይደለም። ግድቡ ነዳጅ አይገዛም፣ ሲፈለግ ደግሞ ቶሎ ይነሳል።

ኒውክሌሩም ቢሆን ከሠራ ነው። ፈረንሳይ በ2022 እ.ኤ.አ. ቧንቧ ላይ ስንጥቅ ተገኝቶ ብዙ ሪአክተር ቆመ። 279 ቴራ ዋት ሰዓት (አንዱ ቴራ 1,000 ጊጋ ነው) ብቻ አመነጩ። ሁልጊዜ ለጎረቤት የሚሸጡት ሰዎች ያን ዓመት ገዢ ሆኑ። በ2024 ወደ 361 ተመለሱ። የልጁ ሠንጠረዥ ግን ከአንድ ሪአክተር በቀር በሁለቱም ዓመት ያው ነው የሚሆነው።

ሁለተኛ፣ አገራችንን የሚመለከት። አንድ ማሽን ከአገሪቱ መረብ ከአሥር በመቶ ብዙ እንዳይበልጥ ነው የሚመከረው። በድንገት ከቆመ ሌሎቹ ክፍተቱን መሙላት አለባቸው። ካልቻሉ እንደ ዶሚኖ ይወድቃሉ፣ አገር ይጨልማል። የኛ የተተከለው አቅም ከ9 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ ነው። ሩሲያዎች ግብፅ ኤል ዳባ ላይም፣ ባንግላዴሽ ሩፑር ላይም የሚተክሉት እያንዳንዱ ሪአክተር 1,200 ነው። ለኛ ወፍራም ነው። በተለይ ሌሊት፣ ፋብሪካ ሲቆም። ሰልማ ያለችበት አገር 300 ሜጋ ዋት የሆነ ትንሽ ሪአክተር ዳርሊንግተን ላይ እየጀመሩ ነው መሰለኝ፣ አይደል?

———

ሰልማ ቶሮንቶ፣ ሰኞ ምሽት 3፡02

አዎ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ፈቃድ አገኘ። ግን ዋጋውን ስትሰማ ትንሽ የሚለው ቃል ይጠፋብሃል።

———

ኬፕታውን የከረመው፣ ሰኞ ምሽት 3፡10

ብድሩንም አትርሱ። ሩፑር ወጪው ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ዘጠና በመቶው የሩሲያ ብድር። ሱቅ የነበረው ሰው ብድር ሲሰማ ጆሮው ይቆማል።

———

አያ ሙሄ ከሐርቡ፣ ሰኞ ምሽት 3፡15

ልጄ ጸሐይ፣ ተባረኪ። ከፍ ያለ መሬት ያልሽው ገብቶኛል። አባቴም ቤት ሲሠራ ከወንዙ ከፍ በል ይል ነበር።

———

መምህር ከሆጤ፣ ማክሰኞ ምሽት 1፡30

ዛሬ ክፍል ውስጥ አነበብኩላቸው። ከሙጋድ ሰፈር አስተያየት በስተቀር ሁሉንም። እሱንም አንዱ ልጅ ስልኩ ላይ አግኝቶት ኖሮ ሳይጠየቅ አነበበው።

የሚጥሚጣውን ሲሰሙ ሳቁ። የደጋኗን ሴትዮ ሲሰሙ ግን ዝም አሉ። ሁለት ልጆች «እኛም ጋ እንደዚያው ነው» አሉ። ከገጠር እየመጡ በኪራይ ቤት የሚማሩ ናቸው።

ባለሠንጠረዡን አስነሳሁት። «አሁን ስለ ፓሪስ ምን ትላለህ?» አልኩት። አቀርቅሮ ትንሽ አሰበ። «ፓሪስን አጥፋልኝ መምህር» አለ። «ብሬታኝንስ?» «እሷንም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ።» «በል።» «ጉባ ላይ፣ ግድቡ አጠገብ፣ እንደኔ 11ኛ ክፍል የሆነ ልጅ ማታ በምን ያጠናል?»

ክፍሉ በሙሉ ወደኔ ዞረ። ደወሉ አዳነኝ።

8 ሰጠሁት። ሠንጠረዡ ላይ ሁለት ረድፍ እንዲጨምር አዘዝኩት። አንዱ የሰልማ «ከሌላት ምን አላት» የሚለው። ሌላው «ሽቦው የት ይሄዳል» የሚለው። ለሚቀጥለው ሰኞ የሁሉም የቤት ሥራ ደግሞ የራሳቸው ቤት ነው። ከቆጣሪያቸው ተነስተው ሽቦውን በእግራቸው ይከተሉ። ትራንስፎርመሩ የት ነው? ከትራንስፎርመሩስ ወዴት? እስከሚደርሱበት ይሳሉ። የቦርከና ልጅ፣ አንድ ቀን መጥተህ ብታስረዳቸው ቡናውን እኔ እችላለሁ።

———

የቦርከና ልጅ፣ ማክሰኞ ምሽት 2፡04

ቅዳሜ ከሰዓት እረፍት ነኝ። እመጣለሁ። ግን ምሰሶ እንዳይነኩ አደራ በላቸው። በዓይን ብቻ።

———

ሙጋድ ሰፈር፣ ማክሰኞ ምሽት 2፡09

እኛ ጋ አሁን መጣ። እናንተስ?

———

ጸሐይ ከገራዶ፣ ማክሰኞ ምሽት 2፡10

ገራዶ ገና።